ዘግይቶ የሚያገረሽ የኩላሊት ካንሰር ምንድን ነው?

«በካንሰር ምክንያት ኩላሊቱን ካስወጣ 15 ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ደግሞ የቆሽት ካንሰር ያዘው» የሚል አስተያየት አነበብኩ። ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ወንድሜ፣ እሱ ከዓመታት በኋላ አገርሽቶ ቆሽት ላይ የተገኘ የኩላሊት ካንሰር ሊሆን ይችላል። የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልህ፤ መድኃኒቱም የሚጠበቀው ዕድሜም ይለያያል።

ካንሰር የሚጠራው በተነሳበት እንጂ ባረፈበት አይደለም። ሰው አገር ቢቀይር ዘዬው አይለቀውም። ይሄም ሴል ቆሽት ውስጥ ስንት ዓመት ቢከርም የሚናገረው ኩላሊትኛ ነው። ማይክሮስኮፕ ስር ሳየው ሆዱ ባዶ ይመስላል፤ ስቡና ግላይኮጅኑ (የተከማቸው ስኳር) ናሙናው ሲዘጋጅ ታጥቦ ስለሚሄድ ነው። ዙሪያውን ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ መረብ ይከቡታል። (የማወራው ስለ ዋነኛው ዓይነት ነው። ሌሎቹ እንዲህ አይመስሉም።)

ዘዬ ግን ያሳስታል። ፓክስ 8 የሚባለውን ፕሮቲን በቀለም እንፈልጋለን፤ ከተገኘ ኩላሊትን እንጠረጥራለን። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢም ግን ያንኑ ፕሮቲን አለው! ጎረቤት ዘዬ በሉት። ስለዚህ እብጠቱ ታይሮይድ ላይ ከሆነ የታይሮይድ መለያ የሆነውን ታይሮግሎቡሊን የተባለ ፕሮቲንም እናያለን። ይሄ ሁሉ ድካም ደግሞ ሐኪሙ ከናሙናው ጋር የሚልከው መጠየቂያ ወረቀት ላይ «ኩላሊት ወጥቷል» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር በግማሽ ይቀል ነበር። ጠባሳው እኮ ታካሚው ላይ አለ።

«5 ዓመት ካለፈ ድኗል» የሚሉም አሉ። አብዛኛው የሚያገረሸው በነዚያ ዓመታት ውስጥ መሆኑ እውነት ነው። ከ10፣ አንዳንዴም ከ20 ዓመት በኋላ ብቅ የሚል ግን አለ። የታወቁት ማረፊያዎቹ ሳንባ፣ አጥንት፣ ጉበትና አንጎል ናቸው። ከዚያ ውጭ ቆሽት፣ ታይሮይድ፣ ሐሞት ከረጢት፣ የምራቅ እጢ፣ አፍንጫ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። የደም ሥር ስለሚበዛው አፍንጫ ላይ ሲሆን ደጋግሞ ሊያነስር ይችላል።

«ሐኪሙ በደንብ አላጸዳውም» ማለትም አይቸኮልም። ሴሎቹ ከኦፕራሲዮኑ በፊት በደም ተጉዘው፣ ለዓመታት አድፍጠው ሊሆን ይችላል።

በርግጥ ኩላሊቱ የወጣለት ሰው አዲስ፣ የራሱ የቆሽት ካንሰርም ሊይዘው ይችላል። በሲቲ ስካን ብቻ መማል አይቻልም፤ ናሙና ይወሰድ። ቆሽት ላይ ብቻ ያረፈ የኩላሊት ካንሰር ከሆነ ግን፣ በኦፕራሲዮን ወጥቶላቸው ብዙ ዓመት የኖሩ አሉ። የድሮው የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት ቤት ውስጥ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።