«ታማኝ ሰው ይሾም እንጂ ግዥ ምን ሙያ አለው?»

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ከአጎቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። መሥሪያ ቤታቸው አዲስ የግዥ ዳይሬክተር እንደተሾመለት አጫወቱኝ። ሰውየው መጀመሪያ የታሪክ መምህር ነበር፤ ቀጥሎ የሰው ሀብት ኃላፊ ሆነ፤ አሁን ደግሞ ግዥ ላይ ተቀመጠ። «ግዥ ሠርቶ ያውቃል?» አልኳቸው። «ታማኝ ነው እኮ ልጄ፤ ግዥ ደግሞ ምን ሙያ አለው?» አሉኝ። ለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልኩ። አጎቴንም እወዳቸዋለሁ።

ግን ይህችን ንግግር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። 14 ዓመት በመንግሥት ግዥ ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ሆስፒታል። ከአለቆች ሰምቻታለሁ፣ ከጎረቤት ሰምቻታለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ሥራዬን ከጠየቀኝ ሰው ሰምቻታለሁ። ስለዚህ ዛሬ የግዥ መሪ ከየት መምጣት አለበት ስለሚባለው ነገር የሚሰማኝን ልጻፍ። ቀላሎቹን በቶሎ አልፋቸዋለሁ።

«ግዥ ትምህርት የለውም።» አለው። ኮሜርስ ድሮ በዲፕሎማ ደረጃ የግዥና አቅርቦት ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ የሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ትምህርት ክፍል አለው። ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም የመንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር ያስተምራል።

«ኃላፊው ብቻውን ነው የሚወስነው።» አይደለም። ጠያቂው ክፍል ፍላጎቱን ያቀርባል፣ ገምጋሚዎች ይገመግማሉ፣ የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ ያጸድቃል።

«አሁን ጨረታው በኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ባለሙያ አያስፈልግም።» ሥርዓቱ ጥሩ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ስፔኩን፣ ማለትም የሚገዛው ዕቃ ምን ማሟላት እንዳለበት የሚዘረዝረውን ጽሑፍ፣ የሚጽፈው ሰው ነው። በወረቀት የተሳሳተ ስፔክ ኮምፒውተር ውስጥ ስለገባ አይስተካከልም።

«የሕግ ሰው ይሻላል።» የግዥ አዋጁን ማወቅ ግዴታ ነው። የድሮውን አዋጅ 649/2001ን ይዘን ያደግን ሰዎች አዲሱ 1333/2016 ሲመጣ ቁጭ ብለን እንደ አዲስ አንብበናል። ነገር ግን ለአንድ ሆስፒታል ስንት ኪሎ ቮልት አምፔር ጄኔሬተር እንደሚበቃው አዋጁ አይነግርህም።

«የግዥ ኃላፊ አካውንታንት መሆን አለበት።» ይህኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም መሥሪያ ቤቶቻችን ራሳቸው ያስተማሩን ስህተት ነው። ብዙ ቦታ የክፍሉ ስም «የግዥ፣ ፋይናንስና ንብረት አስተዳደር» ነው። ሦስቱ በአንድ ዳይሬክተር ሥር ሲታጨቁ ወንበሩ አብዛኛውን ጊዜ ለሒሳብ ሰው ይሰጣል። የሒሳብ ሰው በጀቱ መኖሩን፣ ደረሰኙ ትክክል መሆኑን፣ ሞዴል 19 (የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ) መቆረጡን ያያል። ይህ ያስፈልጋል። ግን አብዛኛው ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ የሚታይ ነገር ነው። ግዥ የሚበላሸው ከዚያ በፊት፣ ገና ፍላጎቱ ሲጻፍ ነው። ሰነዱ እንከን የሌለው ሆኖ ዕቃው ምንም የማይረባ የሆነበትን ፋይል በእጄ ይዤ አውቃለሁ።

«ከግል ድርጅት የመጣ ሰው ይሻላል።» ይህን የሚሉት በተለይ ወጣቶች ናቸው። እንግሊዞች ሞክረውታል። ቢል ክሮዘርስ የሚባል ሰው አክሰንቸር ከሚባል የግል አማካሪ ድርጅት አምጥተው ከጊዜ በኋላ የመንግሥቱን ግዥ እንዲመራ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ገና የመንግሥት ሠራተኛ እያለ፣ በአለቆቹ ፈቃድ፣ ግሪንሲል ለሚባል የፋይናንስ ኩባንያ አማካሪ ሆኖ መሥራት ጀመረ። ጉዳዩ በ2021 ሲወጣ አገር ተናወጠ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቦታውን የያዘው ጋሬዝ ሪስ ዊሊያምስም ከግል ኩባንያ አመራር የመጣ ነው። ማለትም ከግል የመጣ ሰው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እነሱ ራሳቸው በኋላ ያደረጉት ነገር ነው የሚገርመኝ፤ ለከፍተኛ የግዥ ቦታ የሚወዳደረውን ሰው ከግልም ይምጣ ከመንግሥት በአንድ የምዘና ማዕከል ያሳልፉታል። ከየት መጣህ ሳይሆን ምን ትችላለህ ብለው ይጠይቁታል። እኛ ጋ ደግሞ የግል ድርጅት ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው ለሚያውቀው አቅራቢ ስልክ ደውሎ «ዋጋ ቀንስልኝና ልውሰደው» ማለት እንደማይችል ሲያውቅ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ። ታማኝ ከሆነ ይበቃል ወደሚለው።

አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ አብሬው የሠራሁት ኃላፊ ነበር። ስሙንም ቦታውንም አልጠራም። በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ታማኙ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። አቅራቢ ቡና ልጋብዝህ ሲለው እንኳ አይሄድም ነበር። ለላቦራቶሪ የኬሚስትሪ ማሽን ልንገዛ ጨረታ ወጣ። ስፔኩ አንድ ገጽ ከግማሽ ነበር። በሰዓት ስንት ምርመራ እንደሚሠራ፣ ስክሪኑ ምን ያህል እንደሆነ፣ የዋስትናው ጊዜ፣ ሌላም ሌላም። የቴክኒክ መስፈርቱን ካለፉት ውስጥ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ። ንጹሕ ጨረታ። ቅሬታ የለ፣ ጉቦ የለ፣ ኦዲተርም ምንም አላገኘበትም።

ማሽኑ መጣ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ማሽኑ የሚቀበለው የራሱን አምራች ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ብቻ ነው። ሪኤጀንቱን የሚያስመጣው አንድ ወኪል ነው። የዚያ ዋጋ ጨረታው ላይ አልተጠየቀም፣ ስለዚህም አልተወዳደረም። ማሽኑ የተጣራ ውኃ ይፈልጋል፤ የውኃ ማጣሪያው ግን የዋጋ ዝርዝሩ ላይ የለም። መብራት ሲቆራረጥ የሚይዘው ዩፒኤስም የለም። እነዚህን አንድ በአንድ ለማሟላት ስንሯሯጥ ስምንት ወር አለፈ። ስምንት ወር ሙሉ ማሽኑ ነጭ አንሶላ ለብሶ ጥግ ላይ ቆመ፤ በሽተኞች ደግሞ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ወረቀት ይዘው ወደ ግል ላቦራቶሪ ተላኩ። አንዲት እናት ከገጠር መጥታ የምርመራውን ብር ስላጣች ሳትመረመር ስትመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም አልሰረቀም። ብሩ ግን ልክ እንደተሰረቀ ያህል አልጠቀመም።

ግዥን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? የላቦራቶሪ ባለሙያውንና የባዮሜዲካል ኢንጂነሩን ስፔኩ ሳይጻፍ ይጠራቸው ነበር። የማሽኑን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአምስት ዓመት ሪኤጀንትና ጥገና ዋጋ አብሮ እንዲቀርብ ያዝዝና በድምሩ ያወዳድር ነበር። ተከላው፣ ሥልጠናው፣ የውኃ ማጣሪያው በአንድ ውል ውስጥ ይገቡ ነበር። ወይም ደግሞ አቅራቢው ማሽኑን አስቀምጦ ሆስፒታሉ ሪኤጀንቱን ብቻ የሚገዛበትን ፕሌስመንት የሚሉትን አሠራር ያስብ ነበር። ይህ ሁሉ ሙያ ነው። በጸሎት ወይም በጨዋነት አይመጣም፤ በመማርና በመሥራት ነው የሚመጣው።

ሌላ ደግሞ አለ። የማያውቅ ታማኝ ሰው ይፈራል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ነገ እጠየቃለሁ ብሎ ስለሚሰጋ ጨረታ ይሰርዛል፣ ደግሞ ያወጣል፣ ደግሞ ይሰርዛል፤ እያንዳንዷን ደብዳቤ ለበላይ አካል ይመራል፣ መልስ ይጠብቃል፣ በዚህ መሃል ሚያዝያ ያልፋል፣ ግንቦት ይገባል። ሰኔ 30 ደግሞ በጀት ይዘጋል። ያልተጠቀምክበት ገንዘብ ተመላሽ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያልተገዛው ነገር በሰኔ በሦስት ሳምንት ይገዛል፤ በጥድፊያ፣ በፕሮፎርማ (ያለ ግልጽ ጨረታ ከጥቂት አቅራቢዎች በሚሰበሰብ ዋጋ)፣ በተገኘው ዋጋ። የሰኔ ግዥ የሚባለውን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ሰው ከጀርባው ሌብነት ብቻ ያያል። እኔ በቅርብ ያየሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕቅድ የማያውቅ ኃላፊን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሆነውንም አስታውሱ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ለማቅረብ ውል የፈረሙ ሰዎች «በድሮው ዋጋ አንችልም» የሚል ደብዳቤ ይዘው ቢሯችን መጡ። ያን ጊዜ ታማኝነት ምን መልስ ይሰጣል? ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አለ ወይስ የለም? አቅራቢው ኤልሲ (ለውጭ ግዥ ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የከፈተው ከለውጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከዋጋው ውስጥ በእርግጥ በዶላር የሚከፈለው ስንቱ ነው? የውል ማስከበሪያው የሚያበቃው መቼ ነው? እነዚህን ጠይቆ አንዱን አቅራቢ «ልክ ነህ»፣ ሌላውን «አንተ ግን አታታልለን» ማለት የሚችል ኃላፊ ያለው መሥሪያ ቤት ተረፈ። የሌለው ወይ ሁሉንም ውል አፈረሰ፣ ወይ ለሁሉም ጨመረ።

«እሺ፣ ባለሙያው ሌባ ቢሆንስ?» ትሉኛላችሁ። ሁልጊዜ የምጠየቀው ነው፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዳርሊን ድሩየን የምትባል ሴት ነበረች። የአየር ኃይሉ ግዥ ከፍተኛ ኃላፊ ነበረች፣ ዕድሜዋን በሙሉ በግዥ ያሳለፈች፣ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ። ከቦይንግ ጋር በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ጉዳይ እየተደራደረች በጎን ለራሷ ሥራ ተደራደረች። ልጇንና የልጇን እጮኛ ቀደም ሲል እዚያው አስቀጥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘጠኝ ወር እስራት ተፈረደባት። ኩባንያው በ2006 ይህንንና ሌላ ጉዳይ ለመዝጋት 615 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። እና አዎ፣ ባለሙያም ይሰርቃል። እሷን ግን የከበባት ችግር ሥልጣን ለረጅም ዓመታት በአንድ ሰው እጅ መከማቸቱና ከበላይዋ የሚያያት ሰው መጥፋቱ ነበር። መድኃኒቱም ቁጥጥር ነው፤ ሀብት ማስመዝገብ፣ የጥቅም ግጭትን ማሳወቅ፣ ሰውን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር፣ ኦዲት። ሙያ የሌለውን ሰው ማስቀመጥ ሌብነትን አያስቆምም። እንዲያውም የማያውቀውን ኃላፊ ከሥሩ ያለ አንድ አዋቂ ሠራተኛ ያስፈርመዋል፣ ታማኙ ሰውዬም ፊርማው ስላለበት እሱ ይታሰራል። ይህን አይቼ አልቅሻለሁ።

ግዥ ሙያ መሆኑ ጎረቤቶቻችን ገብቷቸዋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የአቅርቦት ባለሙያዎች የሚመዘገቡበትን ሕግ አወጣች። የ2015ቱ የግዥ ሕጓ ደግሞ የግዥ ክፍል ኃላፊ የታወቀ የሙያ ማኅበር አባል መሆን አለበት ይላል። ታንዛንያም የግዥና አቅርቦት ባለሙያዎችን የሚመዘግብ ቦርድ አላት። ሐኪም ያለ ፈቃድ እንደማያክም ሁሉ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው የሚሳሳቱ አሉ፤ «ግዥ ያልተማረ ሰው በፍጹም መምራት አይችልም» የሚሉ። እሱም ልክ አይደለም። አብሬያቸው ከሠራሁት ኃላፊዎች ሁሉ ጎበዟ ፋርማሲስት ነበረች። ግን ስትመጣ አላውቅም አለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ከሰዓት በኋላ መጋዘን ነበር የምትውለው፤ ያልተከፈቱ ካርቶኖች እያስከፈተች «ይህን ማን ጠየቀ? ለምን አልተጠቀመበትም?» እያለች ትጽፍ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከእኔ በላይ ታውቅ ነበር።

ስለዚህ የምትሾሙ ሰዎች፣ ዲግሪውን ብቻ አትዩ። ወንበሩ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ግዥ ከፍላጎት እስከ ርክክብ እንዲተርክላችሁ ጠይቁት። ስፔኩ ሲጻፍ እነማንን ጠራ? አቅራቢው ሲዘገይ ቅጣቱን አስከፈለ ወይስ ተወው? ሰርዞት የሚያውቀው ጨረታ አለ፣ ለምን ሰረዘው? የሠራ ሰው ምሽት ድረስ ያወራችኋል፤ ያልሠራ ሰው «በመመሪያው መሠረት» ብሎ ያቆማል። ያገኛችሁትን ጎበዝ ደግሞ በደመወዝም በክብርም ያዙት፤ ስንቱን አሠልጥነን ለባንክና ለውጭ ድርጅት አስረክበናል። ወጣቶች፣ ግዥ ላይ ከተመደባችሁ ቢሮ ብቻ አትቀመጡ። ዕቃውን የሚጠቀመው ሰው ጋ ሂዱ። ውል አንብቡ፣ ሙሉውን።

ትናንት ለአጎቴ ደወልኩላቸው። ለዚያ ለታሪክ መምህሩ እንዲነግሩት ሦስት ነገር ለመንኳቸው፤ በዚህ ሳምንት መጋዘን ይግባ፣ ካርቶናቸው ያልተከፈቱትን ዕቃዎች ይመዝግብ፣ ከእነሱ ውስጥ የአንዱን ፋይል አስመጥቶ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያንብብ። «ልጄ፣ ይህን ያህል ነገር አለው እንዴ?» አሉኝ። «አለው አጎቴ» አልኳቸው። ሰኞ ጠዋት ቢሮው ገብተው እንደሚነግሩት ቃል ገብተውልኛል።