የከተማ ባቡር ኮንክሪት እድሜ፦ ከደብረብርሃን ውርጭ እስከ ሸዋሮቢት ሙቀት

የባቡር ድልድይ ብዙ ጊዜ 100 አመት እንዲያገለግል ነው ዲዛይን የሚደረገው፣ ሳይት ላይ ግን የምናወራው ስለ ጥንካሬ ብቻ ነው፣ ኪዩቡ (ለሙከራ የሚወሰደው የኮንክሪት ናሙና) በ28 ቀኑ ተሰብሮ ካለፈ ነገሩ አለቀ ይባላል። ኪዩቡ እኮ ውሃ ገንዳ ውስጥ የከረመ ነው፣ ድልድዩ ደሞ ፀሀይና ንፋስ ላይ፣ እንዴት አንድ ይሆናሉ?

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ፌሮው ነው። ካርቦንዳይኦክሳይድ በኮንክሪቱ ቀስ እያለ ይገባና ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን መከላከያ ያጠፋዋል፣ ከዛ ውሃና አየር ሲያገኘው ይዝጋል፣ ዝገቱም ከብረቱ ከ2 እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ካቨሩ (ፌሮውን የሚሸፍነው የኮንክሪት ውፍረት) ከ40 ሚሊሜትር ወደ 20 ቢወርድ ጋዙ ፌሮው ጋ የሚደርስበት ጊዜ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው የሚያጥረው። ስፔሰር (ካቨሩን ጠብቆ ፌሮውን የሚይዝ ድጋፍ) ጠፋ ተብሎ ፌሮ በድንጋይ ስብርባሪ ሲደገፍ ሳይ የሚያመኝ ለዚህ ነው።

የከተማ ባቡር ደሞ የራሱ ጣጣ አለው። በ2008 ዓ.ም ስራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ዲሲ ነው የሚሄደው፣ ከረንቱ በሃዲዱ ነው የሚመለሰው፣ ሃዲዱ ከመሬት በደንብ ካልተለየ ወደ መሬትና ወደ ፌሮው ያፈተልካል፣ 1 አምፒር ሳያቋርጥ ከብረት ቢወጣ በአመት 9 ኪሎ ገደማ ብረት ይበላል። ከሃዲዱ ስር ያለው ላስቲክና የውሃ መውረጃው መፈተሽ ያለበት ለዚህ ነው።

ወደኛ ሰሜን ሸዋ ስንመጣ የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሃራ ገበያ መስመር በሸዋሮቢትና በአጣዬ በኩል ያልፋል፣ እዛ ቆላ ነው፣ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ስለዚህ ኮንክሪቱን ሌሊት ወይ ማለዳ መሙላት ይሻላል። ደብረብርሃን ደሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ቀን ደረቅ ንፋስ ሌሊት ውርጭ ነው፣ ከሰአት በኋላ ዘግይቶ የተሞላ ኮንክሪት ሳይጠነክር ሊበርድበት ይችላል፣ በፕላስቲክና በጆንያ መሸፈን ግድ ነው። ፒፒሲ ሲሚንቶ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከኦፒሲ (ከመደበኛው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ውሃ ማጠጣቱን ከሳምንት በላይ ይፈልጋል፣ የጥምቀት ሰሞን ሰራተኛው ሁሉ ወደየቀዬው ሲበተን ማን እንደሚያጠጣ ኮንክሪቱ ሳይሞላ በፊት በስም መመደብ አለበት።