የአልኮል ሱስ የተመላላሽ ሕክምና፦ መድኃኒቶቹና ክትትሉ

የአልኮል ሱስ የተመላላሽ ሕክምና ታካሚው ሆስፒታል ሳይተኛ፣ ከቤቱና ከሥራው ሳይለይ፣ በቀጠሮ እየተመላለሰ መድኃኒትና የምክር አገልግሎት የሚያገኝበት ዘዴ ነው። ብዙ ሰው ከመጠጥ መላቀቅን ወይ በአንድ ጀንበር ቁርጥ ውሳኔ፣ ወይ ለወራት ማገገሚያ ማዕከል ገብቶ በመቆየት ብቻ የሚሆን አድርጎ ያስበዋል፤ ነገር ግን ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው በዚህ መንገድ ሊታከሙ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ከአልኮል ጋር በተያያዘ ምክንያት መሞታቸውን ገምቷል፤ መድኃኒቶቹ ግን በሕመሙ ስፋት ልክ አልታወቁም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአንድ የኢትዮጵያ አዋጅ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ የሚለየው በሚጠጣው መጠን ብቻ አይደለም። በ2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ መሠረት፣ ከ11 መለያዎች ቢያንስ ሁለቱ በ12 ወራት ውስጥ ከታዩ ሕመሙ አለ ይባላል። ካሰቡት በላይ መጠጣት፣ ለመቀነስ ሞክሮ አለመቻል፣ ብርቱ የመጠጣት ጉጉት፣ በመጠጥ የተነሳ ሥራንና ቤተሰብን መበደል፣ ሰውነት መጠጡን ከመላመዱ የተነሳ የቀድሞው መጠን አለማርካቱ ከመለያዎቹ ይገኙበታል። ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ቀላል፣ አራት ወይም አምስት ከሆኑ መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከባድ ይባላል። በጤና ጣቢያ ደረጃ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የ10 ጥያቄዎች መጠይቅ ይሠራበታል፤ ከ40 ነጥብ 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በጥልቀት እንዲታይ ይደረጋል። መጠይቁ «በአንድ ቀን ስንት መጠጥ ትጠጣለህ?» ይላል፤ እዚህ ላይ ጠላ በጣሳ፣ አረቄ በመለኪያ በሚጠጣበት አገር የሚሠራ ባለሙያ ይቸገራል፤ የጠላ ኃይል ከጠማቂ ጠማቂ ይለያያልና የጣሳው ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም።

ከሕክምናው ሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ መጠጡን ማቆም ራሱ አደጋ አለው ወይ የሚለው ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በሰዓታት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል፤ ይህ የመጨረሻው ካልታከመ ይገድላል። ሱሱን ለመተው ጠበል የገባ ሰው በሦስተኛው ቀን እንዲህ ሲሆን ነገሩ ከመጠጥ መቋረጥ መምጣቱ ሳይታወቅ በሌላ ሊተረጎም ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሕመም የደረሰበት፣ ሌላ ከባድ በሽታ ያለበት ወይም ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ታካሚ ተኝቶ መታከም ይገባዋል። ምልክቱ ቀላል የሆነው ግን እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት መጠኑ በየቀኑ እየቀነሰ ለጥቂት ቀናት ተሰጥቶት፣ ከቫይታሚን ቢ1 ጋር፣ በየዕለቱ እየታየ ከቤቱ ሆኖ ሊያልፈው ይችላል።

ይህ ግን ሰውነትን ማጽዳት ብቻ ነው፤ ሱሱ አልታከመም። ዋነኞቹ ሦስት መድኃኒቶች የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ቀዳሚው ዳይሰልፊራም ሲሆን፣ የተገኘውም ማንም ለሱስ መድኃኒት ሳይፈልግ ነው። በ1930ዎቹ አንድ አሜሪካዊ የፋብሪካ ሐኪም ለጎማ ሥራ የሚውሉ፣ ዳይሰልፊራምን የሚመስሉ ኬሚካሎች የሚነኩ ሠራተኞች አልኮል ጨርሶ እንደማይስማማቸው አስተውሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች የንስ ሃልድና ኤሪክ ያኮብሰን ዳይሰልፊራምን ለአንጀት ትላትል መድኃኒትነት ሲያጠኑ ራሳቸው ዋጡት፤ በኋላ መጠጥ ሲቀምሱ ፊታቸው ቀላ፣ ልባቸው መምታት አበዛ፣ ሕመም ተሰማቸው። ግኝታቸው በ1948 ታተመ፣ መድኃኒቱም አንታብዩስ በሚል የንግድ ስም ወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጉበት አልኮልን ሲፈጭ የሚፈጠረውን አሴታልዴሃይድ የተባለ መርዛማ ነገር የሚያስወግደውን ኢንዛይም ይዘጋል፤ መርዙ ሲጠራቀም የጠጣው ሰው ይታመማል። ይህ ውጤት ክኒኑ ከቆመ በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ የመጠጥ ፍላጎትን አያጠፋም፤ የሚሠራው በፍርሃት ነው፤ ስለዚህም የሚረዳው ከሁሉ በላይ ታካሚው ራሱ ፈቅዶ፣ ሚስቱ ወይም ወንድሙ እያዩት ሲውጠው ነው። አንዳንድ ቤተሰብ በተስፋ መቁረጥ በምግብ ደብቆ መስጠትን ያስባል፤ ይህ ከባድ ስሕተት ነው፤ ሳያውቅ የጠጣ ሰው፣ በተለይ የልብ ሕመም ካለበት፣ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ፍላጅል ከሚባለው የሜትሮኒዳዞል ክኒንም ጋር አይወሰድም፤ አእምሮን ሊያውክ ይችላል። ለአሜባ ፍላጅል ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ በሚገዛበት አካባቢ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ናልትሬክሶን በሌላ መንገድ ይሠራል። አልኮል አንጎል ውስጥ የሚያስነሳውን የደስታ ስሜት የሚያስተላልፉትን ተቀባዮች ስለሚዘጋ፣ የጠጣው ሰው ብዙ ጊዜ «ጠጥቼም ያው ነው» ይላል። አሜሪካ ለአልኮል ሕክምና የፈቀደችው በ1994 ሲሆን፣ በቀን 50 ሚሊግራም በክኒን፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ 380 ሚሊግራም በመርፌ ይሰጣል። ለመጀመር ሙሉ በሙሉ ማቆም ግድ አይደለም፤ መጠኑን ለመቀነስ ለሚፈልግም ይታዘዛል። አንድ ጥብቅ ገደብ ግን አለው፦ ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ሞርፊን የሚወስድ ሰው እነዚህን ካቆመ ቢያንስ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ሳያልፈው ናልትሬክሶን አይጀምርም። ትራማዶል ለወገብ ሕመም ተብሎ በሚዋጥበት ቦታ ሐኪሙ ይህን ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።

አካምፕሮሴት ደግሞ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ ለቆመ ሰው ይሰጣል፤ በመጠጥ መቋረጥ የተዛባውን የአንጎል ሚዛን እንደሚያረጋጋ ይታመናል። ጉበትን አይጎዳም፤ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመ ሰው አይወስደውም፤ በቀን ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ክኒን መዋጡ ብዙዎችን ያሰለቻል። ቶፒራሜትና ጋባፔንቲን ሁለተኛ አማራጮች ናቸው።

ውጤታቸውን አጋንኖ መናገር አይገባም። በ2023 የታተመ፣ 118 የሕክምና ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና እንዳሳየው፣ አንድን ሰው ወደ መጠጥ እንዳይመለስ ለማድረግ 11 ሰዎች አካምፕሮሴት፣ ወይም 18 ሰዎች ናልትሬክሶን መውሰድ አለባቸው። ሌላው ጥያቄ ምክሩ ምን ያህል መብዛት አለበት የሚል ነበር። 1,383 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2006 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት፣ ናልትሬክሶንን ከሐኪም ወይም ከነርስ ጋር ከሚደረግ አጭር፣ መደበኛ ክትትል ጋር ማጣመር ብቻውን እንደሚጠቅም አሳይቷል፤ አካምፕሮሴት ግን በአውሮፓ ጥናቶች የታየለትን ጥቅም በዚያ አላሳየም። ለታዳጊ አገሮች ትልቁ ትርጉም ከነርስ ጋር የሚደረገው ክትትል ይመስለኛል፤ የሥነ አእምሮ ሐኪም በሌለበት ወረዳ እንኳ ሊሠራ የሚችል ነው። ቀጠሮው አስቸጋሪ ነገር የለውም፦ ክኒኑ ተዋጠ ወይ፣ ምን አስቸገረ፣ ስንት ቀን አልተጠጣም፣ ጉበቱስ እንዴት ነው። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ቢያንስ ለስድስት ወር፣ አንዳንዴም ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ናልትሬክሶንንና አካምፕሮሴትን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ለአልኮል ሕክምና ያካተተው በ2023 ነው። መድኃኒቶቹ ለዓመታት በገበያ ላይ በሚገኙባት አሜሪካ እንኳ በ2019 ሕመሙ ካለባቸው አዋቂዎች መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዚያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ማወቅ የሚገባው ደግሞ ናልትሬክሶን በቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ስላልሆነ ልዩ ፈቃድ ሳያስፈልግ የቤተሰብ ሐኪምም ሊያዘው መቻሉ ነው።

በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ተቋም የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 የጀመረው የአእምሮ ጤናን በጤና ጣቢያ የማዳረስ መርሐ ግብር አልኮልንም ስለሚያካትት፣ ኢትዮጵያ መርሐ ግብሩን ስትቀበል መንገዱ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ተከፍቷል። ከሕክምናው ጎን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የመጠጥ ማስታወቂያን፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶችም መሸጥን ከልክሏል። ታካሚዎቹ ግን ማኅበር ላይ ጠላ፣ ሠርግ ላይ ጠጅ፣ ለቅሶ ቤት አረቄ ከሚቀርብበት ኑሮ ሳይወጡ ነው ሕክምናውን የሚከታተሉት። ስለዚህ በምክሩ ውስጥ ከሚለማመዷቸው ነገሮች አንዱ «እንቢ» ማለት ነው፦ አቅራቢዋን ሳያስቀይም፣ «ሐኪም መድኃኒት አዞብኛል» ብሎ ጣሳውን መመለስ፤ ይህ ደግሞ ውሸት ስላልሆነ ብዙዎች በቀላሉ ይለምዱታል።