ቤታ ብሎከር፦ ሐዋሳ ላይ የሚባለውና እውነታው

አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎል። መጨረሻቸው «ሎል» የሆነው እነዚህ መድኃኒቶች ቤታ ብሎከር ይባላሉ፤ አድሬናሊን ልብን እንዳያጣድፍ ይከላከላሉ። ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመም፣ ሆርሞን ለሚያበዛ እንቅርት፣ ለማይግሬን ይታዘዛሉ። ከታች ያሉት በየፋርማሲው መስኮት የሚሰሙ አባባሎች ናቸው።

«ግፊቴ ተስተካክሏል፤ ከእንግዲህ ለምን እውጣለሁ?»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ግፊቱን ያስተካከለው መድኃኒቱ ስለሆነ ሲቆም ይመለሳል። ቤታ ብሎከር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አድሬናሊን ታግዶ ሲቆይ ልብ የአድሬናሊን ተቀባዮቹን ያበዛል። ኪኒኑ በድንገት ከተቋረጠ አድሬናሊኑ የበዙትን ተቀባዮች በሙሉ ያገኛቸዋል፤ ልብ በኃይል ይመታል፣ ግፊት ያሻቅባል፣ የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ሰው ለደረት ውጋት፣ ሲብስም ለሃርት አታክ ይጋለጣል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት መጠኑን ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፤ ለምሳሌ አቴኖሎልን ከ100 ሚሊ ግራም ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 25። በእነዚያ ቀናት ከባድ ሥራ አይመከርም።

ብዙ ሰው ግን የሚያቋርጠው ወስኖ ሳይሆን አልቆበት ነው። የአንድ ሳምንት ሲቀር መግዛት፣ ከተማው ውስጥ ከጠፋም በሌላ እንዲተካ ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ሲኬድ ኪኒኑ ከሻንጣው ጋር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን፤ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። የአንድ ቀን መጠን ከተረሳ እንደታወሰ ይወሰዳል፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈው ይዘለላል እንጂ ሁለት አይዋጥም።

«የልብ ምቴ 55 ሆነ፤ መድኃኒቱ ልቤን እያደከመው ነው»

ምቱ እንዲቀንስ ነው የታዘዘው። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፎ ሙሉ 60 ሰከንድ መቁጠር፤ በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ምቱ ወጣ ገባ ሲሆን ያሳስታል። ከ50 እስከ 60 ሆኖ ሌላ ስሜት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ከ50 ከወረደ፣ ወይም ማዞር፣ ራስን መሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ በዚያው ቀን መታየት ይገባል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል የተባለው ቫልቭ ለጠበበበት ሰው ደግሞ ዝግ ያለ ምት ዋናው ፈውስ ባይሆንም ትልቅ እፎይታ ነው፤ ደሙ በጠባቡ በር ለማለፍ ጊዜ ያገኛል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን ፔኒሲሊን ግን አይተካም።

የልብ ድካም ላለበት ካርቬዲሎል የሚጀመረው በትንሹ ነው፤ 3.125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ። እየታየ በየሁለት ሳምንቱ በእጥፍ ያድጋል። ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ሲነሱ ያዞራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድካም ሊብስ ስለሚችል በየጠዋቱ መመዘን ነው፤ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከተጨመረ ውኃ እየተጠራቀመ ስለሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም።

«እኔ ኪኒን አልወስድም፤ የዓይን ጠብታ ብቻ ነው»

የግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ሕመም) ጠብታው ቲሞሎል ከሆነ ያው ቤታ ብሎከር ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፣ የሚያመጣው ችግር ግን ቀላል አይደለም። ጠብታው ከዓይን ጥግ ወደ አፍንጫ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ አልፎ፣ በጉበት ሳይጣራ፣ ቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። አስም ያለበትን ትንፋሽ ሊያሳጥረው፣ አረጋዊውን ምቱን አዘግይቶ ሊጥለው ይችላል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ ቀና ብሎ የታችኛውን ቆብ መሳብ፣ አንድ ጠብታ ማድረግ፣ ዓይንን መክደን፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ሁለት ደቂቃ መጫን። ጣዕሙ ጉሮሮ ላይ ከተሰማ መድኃኒቱ ወርዷል ማለት ነው። ሁለተኛ ጠብታ መደረብ የመጀመሪያውን ከማጠብ በቀር ጥቅም የለውም።

«ሁሉም አንድ ነው፤ የጎረቤቴን ልዋስ»

አንድ አይደለም። ፕሮፕራኖሎል ሳንባንም ስለሚነካ አስም ላለበት አይሰጥም። አቴኖሎል በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊቱ ለደከመ መጠኑ ይቀነሳል፤ ለነፍሰ ጡርም አይመረጥም። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚሠራው ሜቶፕሮሎል ከተፈጨ የቀኑን መጠን ባንዴ ይለቀዋል። ቤታ ብሎከር ቬራፓሚል ከሚባለው ሌላ የልብ መድኃኒት ጋር ከተደረበ ደግሞ ልብ ከሚገባው በላይ ሊዘገይ ይችላል።

«ስኳሬ ሲወርድ ይታወቀኛል»

የሚያስታውቀው የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ በመድኃኒቱ ሊደበዝዝ ይችላል። ላብ ግን አይጠፋም። ያለምክንያት ካላበ መለካት፤ ከ70 በታች ከሆነ ወዲያው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት።

«ከፈተና በፊት አንድ ብውጥ ጭንቀቴ ይጠፋል»

ፕሮፕራኖሎል መንቀጥቀጡን ያስታግሳል፤ ያልተጠናውን ምዕራፍ አያስታውስም።

«ታቦር ተራራ መውጣት ቀረብኝ»

አልቀረም፤ ግን የስልኩ መተግበሪያ የሚያወጣው የልብ ምት ዒላማ ቤታ ብሎከር ለሚወስድ አይሠራም። መለኪያው ንግግር ነው። በሐይቁ ዳር እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ቃል ከተቆራረጠ መቀነስ።

«ሽፈራው (ሞሪንጋ) እየጠጣሁ ስለሆነ ኪኒኑን ቀነስኩት»

ሽፈራውን እንደ ምግብ መብላት ይቻላል፤ የኪኒን ምትክ አድርጎ መጠን መቀነስ ግን አይቻልም። ግፊቱ አልወርድ ካለ ይልቅ ለሐኪሙ መነገር ያለበት ሌላ ነው፦ ለወገብ ተብሎ በየቀኑ የሚዋጠው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን፣ ከሰዓት በኋላ የሚቃመው ጫት። ሁሉም ግፊትን ወደ ላይ ይገፋሉ። ወደ ቀጠሮ ሲኬድ ካርድ ብቻ ሳይሆን ቤት ያለውን ኪኒን፣ ጠብታውንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድ ነው።