«ፖሊ» እና «ፔዳ» ምንድን ናቸው?

ባሕር ዳር አዲስ የገባ ተማሪ ባጃጅ ይይዝና «ዩኒቨርሲቲ» ይላል። ሹፌሩ ዞር ብሎ «ፖሊ ነው ፔዳ?» ይለዋል። ልጁ ግራ ይገባዋል፤ አይፈረድበትም።

ሁለቱም ዩኒቨርሲቲው ከመወለዱ በፊት የነበሩ ተቋማት ናቸው። ፖሊ ማለት በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። ሥራው ቴክኒሻን ማፍራት ነበር፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረት፣ የእርሻ መካኒክ። ፔዳ ደግሞ ከዓመታት በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ፣ የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ሁለቱ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተመረቀ። ስማቸው ግን ከሰው አፍ አልወጣም። ዛሬ ፔዳ ዋናው ግቢ ነው፤ ፖሊ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። አሁን «ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ» የሚባሉት ሌላ ናቸው። የሙያ ሥልጠና ይሰጣሉ፤ በአብዛኛው የሚያስመርቁት በደረጃ እንጂ በዲግሪ አይደለም። ኢንጂነሪንግ በዲግሪ የሚማር ልጅ «ፖሊ ነኝ» ሲል እናቱ «ኮሌጅ ገባህ እንዴ?» ብትል አትፍረዱባት። ስሙ ነው ያሳሳታት።

ለማንኛውም ለባጃጁ የግቢውን ስም ንገሩት።