ተቃውሞን አስመዝግቦ መሥራት ምንድን ነው?

አሠሪ ሠራተኛውን የሚጎዳ የክፍያ ለውጥ ሲያደርግ፣ ሠራተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው ይመስለዋል፤ ወይ የመጣውን አሜን ብሎ መቀበል፣ ወይ ሥራውን ጥሎ መውጣት። በሁለቱ መካከል ግን በበርካታ አገሮች የሥራ ሕግ የታወቀ ሌላ መንገድ አለ። ይኸውም ሠራተኛው ለውጡን እንዳልተቀበለ በግልጽ አሳውቆ፣ በቀድሞው ውል የተሰጠውን ሥራ እንደወትሮው እያከናወነ፣ የጎደለበትን ክፍያ የመጠየቅ መብቱን እንደያዘ የሚቆይበት አካሄድ ነው። ተቃውሞን አስመዝግቦ መሥራት የሚባለው ይህ ነው።

የአካሄዱ መሠረት የውል ሕግ ነው። ደመወዝ የሥራ ውል ዋና ክፍል ነው፤ በሁለት ወገኖች ስምምነት የጸና ውል ደግሞ በመርህ ደረጃ በአንደኛው ወገን ፈቃድ ብቻ አይሻሻልም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው የደመወዝ ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 95ም ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብቻ ሳይሆን የደመወዝ ሁኔታው በተለወጠ ጊዜም ጭምር እንዲነገረው፣ ከደመወዝ ላይ የሚደረግ ተቀናሽም በአገሩ ሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በግልግል ውሳኔ በተፈቀደው መጠን ብቻ እንዲሆን ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ውሉ ራሱ ለአሠሪው የመለወጥ ሥልጣን የሰጠባቸው ክፍያዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ለምሳሌ ጉርሻው (ቦነሱ) በድርጅቱ ውሳኔ የሚሰጥ መሆኑ ተጽፎ ከሆነ ክርክሩ ይከብዳል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሥራ ውሉን፣ የኅብረት ስምምነቱንና የሥራ ደንቡን ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል።

ለውጡ ሁልጊዜ የደመወዝ ቅነሳ ተብሎ አይመጣም። የትርፍ ሰዓት ስሌት ይቀየራል፣ አበል ይታጠፋል፣ የሥራ ሰዓት ይቀነስና ክፍያውም አብሮ ይወርዳል። የሽያጭ ሠራተኛው ኮሚሽን ከ5 በመቶ ወደ 3 በመቶ ሲወርድ ማስታወቂያው የ2 በመቶ ማስተካከያ ሊለው ይችላል፤ ሠራተኛው ግን ከኮሚሽን ገቢው 40 በመቶውን አጥቷል። እንዲህ ያለውን ስሌት ሠራተኛው ራሱ ሊሠራው ይገባል፤ ምን ያህል እንደጎደለበት በቁጥር ያላወቀ ሰው የሚጠይቀውንም አያውቅምና።

ትልቁ አደጋ ዝምታ ነው። የተቀነሰውን ደመወዝ ወር በወር እየተቀበለ፣ ሳይቃወም ሥራውን የቀጠለ ሠራተኛ፣ ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ በአድራጎቱ እንደተስማማ ሊቆጠርበት ይችላል። በልቡ አለመስማማቱ፣ ለባልደረቦቹ ማማረሩም ሆነ በስብሰባ ላይ ማጉረምረሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆነውም። የሚያድነው ቀን ያለውና አሠሪው እንደደረሰው የሚረጋገጥ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም፤ ቁጣም አያስፈልገውም። እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «ከዚህ ወር ጀምሮ በደመወዜ ላይ የተደረገውን ቅነሳ አልተስማማሁበትም። ሥራዬን የምቀጥለው በቀድሞው ውሌ መሠረት ነው፤ መቀጠሌም ለውጡን እንደመቀበል እንዳይቆጠርብኝ አሳውቃለሁ። የተቀነሰው ልዩነት እንዲከፈለኝ እየጠየቅሁ፣ በሕግ ያለኝ መብት የተጠበቀ ነው።» በአዲሱ ውል ላይ እንዲፈርም የተጠየቀ ሠራተኛ ደግሞ ለማንበብና ለማማከር ጊዜ መጠየቅ ይችላል፤ መድረሱን ለማረጋገጥ ብቻ የሚፈርም ከሆነም ይህንኑ ከፊርማው አጠገብ በእጁ ይጻፍ። የደብዳቤውን ቅጂና የቀድሞ የደመወዝ ወረቀቶቹን ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውጭ ማስቀመጡም ግድ ነው።

ይህ አካሄድ በፍርድ ቤት የተፈተነ ነው። በእንግሊዝ ፌሮዶ የተባለው ኩባንያ በገንዘብ ችግር ምክንያት የሠራተኞቹን ደመወዝ ያለ ስምምነት ቀነሰ። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ቅነሳውን ሳይቀበል ሥራውን ቀጥሎ ቆየና ልዩነቱን በክስ ጠየቀ። ጉዳዩ በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ለሠራተኛው ተፈረደ፤ ውሉ ከነቀድሞው ደመወዙ እንደጸና ነው፣ ኩባንያውም ልዩነቱን ይክፈል ተባለ። በእኔ እምነት የዚህ ፍርድ ዋነኛ ቁም ነገር የአሠሪው መቸገር እውነት መሆኑ ብቻውን የሠራተኛውን ስምምነት እንደማይተካ ማሳየቱ ነው።

ሆኖም ተቃውሞ ማስመዝገብ ሥራ ማቆም አይደለም፤ በውሉ የታዘዘውን ሥራ እምቢ ያለ ሰው ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞራል። አሠሪውም መውጫ የለውም ማለት አይደለም፤ በብዙ ቦታ የሕጉን ምክንያትና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ጠብቆ የቀድሞውን ውል አቋርጦ በአዲስ ሁኔታ ልቅጠርህ ማለት ይችላል። ጀርመን ለዚህ ግልጽ ሥርዓት አላት፤ ከስንብት ጥበቃ ሕጉ ሥር ያለ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲደርሰው፣ ለውጡ ተገቢ መሆኑ ይጣራልኝ በሚል ቅድመ ሁኔታ አዲሱን ውል ተቀብሎ በ3 ሳምንት ውስጥ ክስ ሊመሠርት ይችላል። እስኪፈረድ ድረስ እየሠራ ይቆያል፤ ቢሸነፍም ሥራው አይቀርበትም።

ድርድርም ክብር ያለው ምርጫ ነው። ድርጅቱ በእርግጥ ከተቸገረ፣ ቅነሳው ጊዜያዊ መሆኑ፣ የሚያበቃበት ቀንና የተቀነሰው የሚመለስበት ሁኔታ በጽሑፍ ከሰፈረ ሠራተኛው አውቆና ወዶ ሊስማማ ይችላል፤ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ደግሞ ሁሉም በአንድነት ቢደራደሩ ጥያቄው ክብደት ያገኛል። መልቀቅን ግን አታስቸኩሉት። አንዳንድ ሕጎች በአሠሪው የውል ጥሰት ተገፍቶ የለቀቀን ሠራተኛ እንደተሰናበተ ይቆጥሩታል፤ የማስረዳቱ ሸክም ግን በአብዛኛው በራሱ ላይ ይወድቃል፣ ገቢውም በዚያው ቀን ይቋረጣል። ከመልቀቁ በፊት የሕግ ባለሙያ ወይም የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማማከር ያሻል።

ደብዳቤውም ቢሆን መንገድ ይከፍታል እንጂ ገንዘቡን አያስመልስም። የደመወዝ ጥያቄ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ በኋላ ክስ የማይቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አለው፤ ጊዜው እንደየአገሩ ይለያያል፣ በአንዳንድ ቦታ በወራት ብቻ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ተቃውሞውን ያስገባ ሠራተኛ በዚያው ሰሞን የክስ ማቅረቢያው ቀን መቼ እንደሚያበቃ ጠይቆ ይወቅ፤ አሠሪው መልስ ባይሰጥም ቀኑ ከማለፉ በፊት አቤቱታውን ያቅርብ።