ኤችአይቪ «የማይዘው ሕዝብ» አለ?

«እነ እንትና ዘራቸው ስለሚከላከል ኤችአይቪ አይዛቸውም» የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ስህተት ነው። ግን ወሬው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

ቫይረሱ ወደ ሲዲ4 ሴል (ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከል ነጭ የደም ሴል) ለመግባት ብዙ ጊዜ ሲሲአር5 የሚባል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፣ እንደ በር እጀታ አስቡት። አንዳንድ ሰው ላይ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ጎደሎ ነው። ጎደሎውን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው። ይህ የታወቀው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለው ሰው ግን በሰሜን አውሮፓ እንኳ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በአፍሪካና በምሥራቅ እስያ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «አውሮፓዊ አይዘውም» ማለት ከንቱ ነው!

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ኤችኤልኤ ነው። ይህ ፕሮቲን የቫይረሱን ቁራጭ ከተያዘው ሴል አውጥቶ የተያዙ ሴሎችን ለሚያጠፉት የሰውነት ገዳይ ሴሎች «ይኸው፣ ጠላት እዚህ አለ» ብሎ ያሳያል። ዓይነቱ ብዙ ነው፣ የትኛው እንደሚበዛም ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። ከእነዚህ አንዱ ቢ57 ነው፤ የሚያሳየው ቫይረሱ ራሱን ሳይጎዳ በቀላሉ ሊቀይረው የማይችለውን ክፍል ስለሆነ፣ ያላቸው ሰዎች ያለ መድኃኒትም ቫይረሱን ዝቅ አድርገው የማቆየት ዕድላቸው ከሌላው ይበልጣል። አፍሪካዊም አውሮፓዊም ውስጥ አለ። ዕድል ነው እንጂ ዋስትና አይደለም፦ ቢ57 ያለው ሰውም ይያዛል፣ ይታመማል፣ መድኃኒቱም ያስፈልገዋል።